ግመል የማይወጣው አቀበት

በሳይክል ጉዞዬ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አንኮበር ሥር ባለችው ጎረቤላ ላይ፣ ሻዬ ውስጥ ስኳር በዝቷል ብዬ አስተናጋጇን ተቆጣኋት። ልጅቷ ከአሥራ ስድስት ዓመት አትበልጥም። ስኳሩ በጣሳ ቀርቦልኝ በማንኪያ እየዛቅሁ የጨመርኩት እኔው ራሴ እንደሆንኩ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። እሷ አልተከራከረችኝም፤ ብርጭቆውን አንስታ ሌላ ሻይ አመጣችልኝና "ይቅርታ ጋሼ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ወዲያው ረሳሁት።

መርሳት አልነበረብኝም። ሰውነቴ ደክሞኛል ያለው ያኔ ነው፤ እግሬ ያልተናገረውን ምላሴ ተናገረው። የብስክሌት አሠልጣኞች ተወዳዳሪዎቻቸውን ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደራችሁ?" ሲሉ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ጠባዩን ያያሉ። በትንሽ ትልቁ የሚነጫነጭ ልጅ የልብ ምቱ ሳይለካ ድካሙ ይታወቅበታል። እኔ አሠልጣኝ የለኝም። ያለኝ የእጅ ሰዓት ነው። እሱም ቢሆን ያን ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴን 66 ብሎ አሳይቶኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ቤቴ ከ54 እና ከ55 አያልፍም። "ብርዱ ነው" አልኩ። "እንቅልፍ አላገኘሁም፣ አልጋው ስለሚንቋቋ ነው" አልኩ። ለፈቃድ የወጣ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም።

ጉዞው የተጀመረው በጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ገና አልፎ ጥምቀት ገና ሳይደርስ። ሐሙስ ንጋት ላይ ሻንጣዬን ከሳይክሌ ኋላ አስሬ በለገጣፎ በኩል ወጣሁ። ዕቅዴ እንዲህ ነበር፦ ሐሙስ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር። ዓርብ አንኮበር፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቅዳሜ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ወርዶ መመለስ። እሑድ ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ። ወረቀት ላይ ሲታይ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ የሚሄድ ጉዞ ነው። የቅዳሜውንማ ከነጭራሹ ከሥራ አልቆጠርኩትም፤ "መዝናናት" ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሰንዳፋ ስደርስ ሯጮች አስፋልቱን ይዘውታል። የአዲስ አበባ ክለቦች ረጅሙን የአስፋልት ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እዚያ ነው፤ አሠልጣኙ በሰርቪስ መኪና ከኋላ እየተከተለ፣ ረዳቱ በመስኮት ውሃ እያቀበለ። ሯጮቻችን አንዲት የማትለያቸው ቃል አለቻቸው፤ ኮንዲሽን። "ኮንዲሽን ላይ ነኝ"፣ "ኮንዲሽኔ ወርዷል"፣ "ኮንዲሽን ሳይኖርህ አትወዳደር።" የሠሩት ልምምድ፣ የበሉት፣ የተኙት፣ የደከሙትና ያረፉት ሁሉ ተደምሮ በዚች ቃል ይጠራል። እነዚሁ ሰዎች በቀላል ቀናቸው እንጦጦ ጫካ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ሲዞሩ ያየ ሰው፣ የዓለም ሻምፒዮን መሆናቸውን ቢነግሩት አያምንም። እንደዚያ ቀስ ይላሉ። ከባዱን ቀን በከባድ፣ ቀላሉን በእውነት በቀላል።

እኔ ሰላም ብያቸው አለፍኩ። ሳይክል ነጂ ሯጭን ማለፍ ደስ ይለዋል፤ ምንም ዋጋ የሌለው ድል ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ስለዚያ ቀን ብዙ የምለው የለም። አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ። ሸኖ ላይ ለምሳ ስቀመጥ በቅቤው የታወቀ ከተማ ነውና ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት መጣ። ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ኮርቻ ላይ ቆይቼ ደብረ ብርሃን ስገባ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ የፍሬን እጀታ ላይ የነበሩት ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሟን ያስጠራው ያለነገር አይደለም። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

ዓርብ ጾም ነበር። ቁርስ ሳልቀምስ ወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ በላሁ። ጾሙን አልወቅስም፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጾማ ዳገት ወጥታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐሙስ ያራቆትኩትን ጎተራ ማታ ሳልሞላ አድሬ፣ በማግስቱ ደግሞ ባዶውን ይዤ ወጣሁ። በሰው ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ግፋ ቢል 400 ወይም 500 ግራም ነው። ረጅም ቀን ይጨርሰዋል፤ ለመሙላት ደግሞ በደንብ እየበሉ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

የሚገርመው ዓርብ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ አንኮበር የሚያቀናው መንገድ ሰፊ የገብስ አገር ነው፤ አጨዳው አልቆ ገለባው እንደ ጎጆ ተከምሯል፣ በጎች ቃርሚያውን ይለቅማሉ፣ እረኞች ጋቢ ለብሰው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ በዚያው ልክ ይሳሳል። አዲስ አበቤ በመሆኔ ሳንባዬ ከፊሉን ለምዶታል፤ ከአምስተርዳም የመጣ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይነጠፍ ነበር። ግን መልመድ ማለት በነጻ ማለፍ አይደለም። ሒሳቡ ይቆረጣል፤ ልዩነቱ ደረሰኙ ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

ከዚያ አገሩ በድንገት ያልቃል። ሜዳው ጫፍ ላይ ይቆምና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በኩል ይናዳል። ጉም ከታች ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከላይ አይወርድም። በስተጎን የኩንዲ ተራራ፣ ከፊት የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ ሥሩ ጎረቤላ። ማታ ገብቼ በሰዓቴ ላይ ያለውን ሁሉ አየሁና "አንበሳ ነኝ" አልኩ።

ስለ አንኮበር ከትምህርት ቤት ያወቅነው የነገሥታቱን ነው፤ ሣህለ ሥላሴን፣ ከመቅደላ አምልጠው መጥተው እዚህ የነገሡትን ምኒልክን። እኔን ያን ሰሞን የያዘኝ ግን የጭነቱ ታሪክ ነው። ከታጁራ ወደብ ተነስቶ በአፋር በረሃ የሚመጣው ቅፍለት ጨውና ጨርቅ የሚጭነው በግመል ነበር። ግመል ሜዳውን እንጂ ይህን አቀበት አይችለውም። ስለዚህ ጭነቱ ከተራራው ሥር፣ ፋሬና አልዩ አምባ አካባቢ ይራገፋል፤ ግመሉ እዚያው ይቀራል፣ የቀረውን በቅሎ፣ አህያና ሰው ይሸከመዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የገጠመው ይኸው ነው፤ ለሣህለ ሥላሴ ያመጡት መድፍና ሣጥን በብዙ መቶ ሸካሚዎች ትከሻ ነው ሽቅብ የወጣው። ማንም ግመሉን "እስቲ ሞክር" አላለውም። አገሩ ጭነት የሚራገፍበትን ቦታ ያውቅ ነበር።

በአማርኛ "የልምምድ ጫና" የምንለው ከዚያው ከመጫን የመጣ ነው። ቃሉን በየስፖርት ዜናው እንሰማዋለን፤ ከአህያ ጀርባ እንደወረደ ግን ብዙም አናስብም።

ቅዳሜ ጠዋት ከስኳሩ ጠብ በኋላ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ተራራን የሚያውቅ ሳይክል ነጂ መጀመሪያ ወጥቶ ኋላ ይወርዳል፤ ጉልበት ባለበት ሰዓት ይከፍላል፣ ሲደክመው ቁልቁለቱ ይሸከመዋል። ጎረቤላ ይህን ትገለብጠዋለች። መጀመሪያ ትሰጣለች። አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ፔዳል ሳልረግጥ፣ ፍሬን ብቻ እየያዝኩ፣ በአርባ አምስት ደቂቃ ተንሸራተትኩ። ከሹራብ ወደ ካናቴራ፣ ከገብስ ወደ ማሽላ፣ ከጽድ ወደ ግራር። ጆሮዬ ሁለት ጊዜ ተደፍኖ ተከፈተ። አልዩ አምባ ስደርስ ሞቋል፤ አንድ ሻይ ጠጣሁ፣ አንድ ብስኩት በላሁ፣ ተመለስኩ። አንድ ብስኩት!

በኋላ እንዳሰላሁት እኔ፣ ሳይክሉና ሻንጣው ወደ 90 ኪሎ እንመዝናለን። 90 ኪሎን አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 880 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ስለዚህ ለዚያች አቀበት ብቻ 880 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም 200 ግራም የሚበልጥ ስኳር መያዝ ነበረብኝ። የያዝኩት ብስኩቷን ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሄድኩ። ትንሿን ማርሽ አስገብቼ፣ እየተጠማዘዝኩ። ከዚያ እግሬ ውስጥ አሸዋ የተሞላ መሰለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ የልብ ምቴ 138። እንደዚህ ባለ ዳገት ላይ ሁሌም 160 ይደርሳል። በጣም ደስ አለኝ። "ገና ነኝ፣ ብዙ ይቀረኛል" አልኩና ጨመርኩ።

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ዕረፍት ያገኘ ሰው ልቡ ዝግ ሲል ጥንካሬው ነው። ቀናት የተጠራቀመበት ሰው ልቡ አልፈጥን ሲል ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ጡንቻው ነዳጅ ስላጣ ልብን የሚያስሮጥ ሥራ መሥራት አቅቶታል፣ ልቡም ራሱ ለጥሪው መልስ መስጠት ሰንፏል። ሰዓቱ 138 ይላል፤ ትንፋሼ ግን ሌላ ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚታመነው ትንፋሽ ነው። የስዊድኑ የሥነ ልቦና ምሁር ጉናር ቦርግ "ምን ያህል ከበደህ?" የሚለውን ጥያቄ በቁጥር መመለስ እንደሚቻል ካሳየ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታል፤ ዛሬም ውድ ከሆነው መሣሪያ ጎን አሠልጣኞች ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ከአሥር ዘጠኝ እላቸው ነበር።

አንድ ጠምዛዛ ላይ ዓይኔ ጭልም አለ። ቀዝቃዛ ላብ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። ከሳይክሉ ወረድኩ ማለት ይከብደኛል፤ ሳይክሉ ነው ያወረደኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ካቴናውን እንደ ጅል ስመለከት አንድ ሽማግሌ ከታች መጡ፤ ከፊታቸው አንዲት አህያ፣ በላይዋ ሁለት ጆንያ። አጠገቤ ደርሰው አልቆሙም። ጥቂት አለፍ ብለው፣ የመንገዱ ግንብ ከፍ ያለበት ቦታ አህያዋን ወደ ጎን አስጠጓት፤ ጆንያው ግንቡ ላይ ዐረፈ፣ ጀርባዋ ቀለለ። አህያዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞር ያሉት።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ?"

"ደክሞኝ ነው አባቴ።"

ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ይችን ነገር አንተ ነህ የምትጭናት ወይስ እሷ ናት የምትጭንህ?"

መሳቅ ፈልጌ አልቻልኩም። ከትከሻቸው ላስቲክ ከረጢት አውርደው ውሃ በግማሽ ያለበትን ሃይላንዴን ተቀበሉኝ፤ በሶ ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው ናጡት። ስኳር የለውም፣ ትንሽ ጨው ግን አለው። የገብስ አገር ስንቅ ነው በሶ፤ የተቆላና የተፈጨ፣ እሳት የማይፈልግ፣ የማይበላሽ፣ ባዶ ሆድ ላይ የማይከብድ። በውጭ አገር እሽጉ ላይ የተራራ ሥዕል ያለበት ነገር በውድ እየተገዛ ይጠጣል፤ ከዚህ የተሻለ መሆኑን እጠራጠራለሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመንገዱ ጠርዝ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"እርስዎ በየጠምዛዛው ነው የሚያቆሟት?" አልኳቸው አህያዋን እያየሁ።

"ታዲያስ። ሳይደክማት ነው የማቆማት። ከደከማት በኋላማ ቆመች አይባልም፤ ወደቀች ነው።"

የቀረውን መንገድ አብረን ወጣን፤ እሳቸው በአህያዋ፣ እኔ ሳይክሌን እየገፋሁ። አንድም ጠምዛዛ አልዘለሉም። አቀበቱ በጠቅላላ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶብኝ ጎረቤላ ስንደርስ የደከምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ በዚያ ላይ ጥር 5፣ አቦ። ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ የነበረብኝ ቀን ነበር። ጎረቤላ ውስጥ ግን እንኳን ሊያርስ፣ እንጨት ሊፈልጥ የተነሳ ሰው አላየሁም። እኔም አልተነሳሁም። የገበሬው ወር በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ ወልድ የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንድ የልማት ሰው ይህን የሥራ ቀን ብክነት አድርጎ ሲያነሳ እሰማለሁ። ያን እሑድ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነገሩ ብክነት ሆኖ አልታየኝም። በሬው ቢጠየቅ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእግሬ ወጣሁና ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቤን ሠራሁ። የአሜሪካው ካርል ፎስተር ያስለመደው ቀላል ስሌት አለ፦ ልምምዱ የፈጀው ደቂቃ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው የክብደት ግምት ይባዛል። እኔ በተለመደው ሳምንቴ ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት እነዳለሁ፣ ክብደቱ 4፤ 720። እሑድ ሁለት ሰዓት፣ ክብደቱ 5፤ 600። የሳምንቱ ድምር 1,320። አሁን ጉዞው፦ ሐሙስ 450 ደቂቃ በ6፣ 2,700። ዓርብ 210 ደቂቃ በ5፣ 1,050። ቅዳሜ ቁልቁለቱ 45 ደቂቃ በ2፣ 90፤ አቀበቱ 180 ደቂቃ በ9፣ 1,620። ጠቅላላ 5,460።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። በሦስት ቀን ከአራት ሳምንት የሚበልጥ ጫና ተሸክሜያለሁ። "የመዝናናቱ" ቀን ከመደበኛ ሳምንቴ ይበልጣል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ከሦስቱም ቀን ያነሰ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ኤሪክ ባኒስተር ከባልደረቦቹ ጋር የቀመረው ሐሳብ ይህን ይገልጸዋል። እያንዳንዱ ልምምድ ሁለት ነገር ጥሎ ያልፋል፤ አንዱ ብርታት፣ ሌላው ድካም። ድካሙ በብዛት ይመጣና በቶሎ ይጠፋል፤ ብርታቱ በጥቂቱ ይመጣና ረጅም ይቆያል። ዛሬ ብስክሌተኞች የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሰባት ቀኑን አማካይ ጫና እንደ ድካም፣ የአርባ ሁለት ቀኑን እንደ ብርታት ይይዙና አንዱን ከሌላው ይቀንሳሉ። ሯጮቻችን ኮንዲሽን የሚሉት የዚያን ልዩነት ውጤት ነው፤ ቁጥር ሳይጽፉ። ለፈቃድ የሚወጣ ሰው ችግሩ የአርባ ሁለት ቀኑ ባዶ ሆኖ የሰባት ቀኑን መሙላቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያለችውን ጥቂት ቀን አንድም ሳትባክን ሊጋልባት ይፈልጋል። የአልጋው ተከፍሏል፣ አለቃው ፈቅዷል፣ ለጓደኛ የሚላክ ፎቶ ያስፈልጋል።

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲወዳደር፣ ያ ውድድር 21 ምዕራፍ ነበረው፤ መሐሉ ላይ ግን ሁለት የዕረፍት ቀን አለ። በዕረፍት ቀናቸውም ብዙዎቹ ወጣ ብለው እግራቸውን ለማፍታታት ያህል በዝግታ ይነዳሉ። ሥራቸው ብስክሌት፣ ወጌሻቸው ከጎናቸው፣ ምግብ አብሳያቸው ከኋላቸው የሆነ ሰዎች። እኔ አራት ቀን ስመድብ አንድም የዕረፍት ቀን አላስገባሁም ነበር።

ገደሉ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ቡናማ ወፎች ሣር ውስጥ ይለቅማሉ። ከነሱ አንዷ የአንኮበር ሰሪን ትሁን አትሁን ለመለየት ዓይኔ አልሠለጠነም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ናትና ስንት ሰው ባሕር ተሻግሮ ለማየት ይመጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ አየኋቸው። ሳይክል ላይ ሆኜ ቢሆን አላያቸውም ነበር፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት የማየት ፍላጎቱም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ማታ ወደዚያችው ሻይ ቤት ሄድኩና ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ስለ ምኑ?" አለችኝ። ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ለእናቷም ነገረቻት፣ እናቷም ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት የልብ ምቴ 59። ገና ነው፤ ግን ወርዷል። ከጎረቤላ ወደ ሜዳው የሚያወጣውን ዳገት ቀና ብዬ አየሁት፣ እግሬን ጠየቅሁት፣ ወደ መናኸሪያ ገፋሁ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን የሚል ረዳት ሳይክሌን ገና ከሩቅ ዓይኑን ጥሎባታል።

"ይሄ በጭነት ነው የሚታሰበው" አለኝ።

"ይሁን።"

"የአንተ ለብቻ፣ የጭነቱ ለብቻ።"

ከጣሪያው ላይ አንድ ልጅ ገመድ ወረወረልን። ሳይክሉ ሽቅብ ሲሳብ ኮርቻው ከአንድ ጆንያ ጋር ተጋጨና ዐረፈ። የሁለቱንም ሒሳብ ሳልከራከር ከፍዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ያዝኩ።